ሰውን ከጉዳት ለማዳን መዋሸት፦ መቼ ይፈቀዳል? መቼስ ማመካኛ ይሆናል?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በወጣቶች ደርሳችን ላይ ስለ እውነተኝነት በተናገርን ቁጥር አንድ ጥያቄ ሳይነሳ አይቀርም። «ኡስታዝ፣ ውሸት ሐራም መሆኑን እናውቃለን። ግን እውነቱን በመናገሬ ሌላ ሰው የሚጎዳ ከሆነስ?» ይህ ጥያቄ እናንተን ከማንም በላይ ይነካችኋል። ሐኪሙ የተናገረውን ለእናት፣ ትምህርት ቤቱ የጻፈውን ለአባት፣ ከሀገር ቤት በስልክ የመጣውን ወሬ ለቤተሰቡ የምታደርሱት ብዙ ጊዜ እናንተ ናችሁ። በሁለት ቋንቋ መካከል የቆመ ሰው «ይህቺን ቃል ብለውጣት ይሻል ይሆን?» የሚል ፈተና በየጊዜው ይገጥመዋል።

ስለዚህ ጉዳዩን ከመሠረቱ ጀምረን እንየው። የምጽፈው ትምህርት ነው እንጂ ፈትዋ አይደለም። ከባድ ጉዳይ የገጠመው ሰው ዝርዝሩን ይዞ ወደሚያምነው ዓሊም ይሂድ።

መሠረቱ እውነት ነው

ፈቃዱን ከማውራታችን በፊት ሕጉን እንያዝ። ዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እውነተኝነት ወደ መልካም ሥራ፣ መልካም ሥራም ወደ ጀነት እንደሚመራ አስተምረውናል። ውሸት ደግሞ ወደ አመጽ፣ አመጽም ወደ እሳት ይመራል። ሰው እውነትን እየተናገረና እየተከታተለ ሲኖር አላህ ዘንድ «ሲዲቅ» ተብሎ ይጻፋል፤ ውሸትን ሲያዘወትር ደግሞ «ከዛብ» ተብሎ ይጻፋል።

እዚህ ሐዲስ ውስጥ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ፤ ስለ መንገድና ስለ ልማድ ይናገራል። ማንም ሰው በአንድ ቀን ውሸታም ሆኖ አይነሳም። ትንሿ ውሸት ሌላዋን ትጠራለች፤ ሁለተኛዋ የመጀመሪያዋን ለመሸፈን ትመጣለች። «ለሰው ብዬ ነው» የምንለው ውሸትም ከዚህ ልማድ ነጻ አይደለም። ስለዚህ ፈቃዱ ጠባብ በር መሆኑን ከወዲሁ እንወቅ።

ፈቃዱ ከየት መጣ?

ኡሙ ኩልሡም ቢንት ዑቅባ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሰዎች መካከል ለማስታረቅ ብሎ መልካም ነገር የሚያደርስ ሰው ውሸታም እንደማይባል ገልጸዋል። በሙስሊም ዘገባ ላይ ሦስት ቦታዎች ተጠቅሰዋል፦ ጦርነት፣ በሰዎች መካከል ማስታረቅ፣ እንዲሁም ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት።

ዑለማዎች እነዚህን ቦታዎችም ያለ ገደብ አልተዉአቸውም። የባልና ሚስቱ ፍቅርን ለመግለጽና ልብ ለማሳረፍ የሚነገር ቃል ነው፤ አንዱ የሌላውን መብት ለመውሰድ የሚያታልልበት ግን በስምምነት ሐራም መሆኑን ኢማም ነወዊ ጽፈዋል። በጦርነት ጠላትን ማሳሳት ቢፈቀድም የገቡትን ቃል ኪዳን ማፍረስ አልተፈቀደም።

ታዲያ ፈቃዱ በእነዚህ ሦስት ብቻ ያበቃል? እዚህ ላይ ዑለማዎች ተለያይተዋል። አንዳንዶቹ በግልጽ መዋሸት በምንም መልኩ አይፈቀድም፤ የተፈቀደው ሁለት ትርጉም ያለው ንግግር ነው ብለዋል። ሌሎቹ ደግሞ ሦስቱ ምሳሌዎች ናቸው፤ ተመሳሳይ ጉዳይ ሲመጣ በእነሱ ይመዘናል ይላሉ። ኢማም ገዛሊ (በ505 ዓ.ሂ. የሞቱት) እና ኢማም ነወዊ (በ676 ዓ.ሂ. የሞቱት) ከኋለኞቹ ናቸው።

ኢማም ነወዊ በሪያዱ ሷሊሒን ያስቀመጡት ሚዛን በቀላል ቃል ሲገለጽ እንዲህ ነው። ንግግር ወደ ግብ የምንደርስበት መንገድ ነው። ግቡ መልካም ሆኖ ያለ ውሸት ሊደረስበት ከተቻለ መዋሸት ሐራም ነው። ያለ ውሸት ፈጽሞ የማይደረስበት ከሆነ ይፈቀዳል፤ ግቡ ግዴታ ከሆነ ደግሞ መዋሸቱም ግዴታ ይሆናል። በዚያም ላይ ጥንቃቄ የሚሻ ሰው በግልጽ ከመዋሸት ይልቅ ሁለት ትርጉም ባለው ንግግር ይጠቀማል።

በዚህ ሚዛን ብዙዎቻችን የምንስተው የመጀመሪያውን ደረጃ ነው። «ግቤ መልካም ነው» ብለን ወደ ውሸቱ እንዘላለን። ሚዛኑ ግን ግቡ መልካም ከሆነ በኋላ «ሌላ መንገድ የለም ወይ?» ብሎ ይጠይቀናል።

ከመዋሸት በፊት ያሉ መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ዝምታ ነው። የተጠየቁትን ሁሉ መመለስ ግዴታ አይደለም። «ይህን መናገር ያለብኝ እኔ አይደለሁም፤ እሷን ጠይቋት» ማለት ውሸት አይደለም። ስለ ጓደኛችሁ የግል ነገር ስትጠየቁ ይህች ዐረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ትበቃለች።

ሁለተኛው መንገድ ዑለማዎች «መዓሪድ» ወይም «ተውሪያ» የሚሉት ነው። ተናጋሪው እውነት የሆነ ቃል ይናገራል፤ ሰሚው ሌላ ነገር ይረዳል። አነስ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት፣ ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ላይ በሂጅራው ጉዞ አቡበክር (ረ.ዐ) ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ሲሄዱ ሰዎች ያገኟቸውና ከፊታቸው ያለው ሰው ማን እንደሆነ ይጠይቋቸው ነበር። አቡበክርም መንገድ የሚመራኝ ሰው ነው ብለው ይመልሳሉ። ሰሚው የበረሃ መንገድ መሪ መስሎት ያልፋል፤ አቡበክር ያሰቡት ግን የመልካሙን መንገድ መሪ ነው። ቁረይሾች ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) እያሳደዱ በነበሩበት በዚያ የጭንቅ ሰዓት እንኳ አቡበክር ጠላትን ያሳለፉት እውነት በሆነ ቃል ነበር።

ነቢዩላህ ኢብራሂምም (ዐ.ሰ) በሕይወታቸው ሦስት እንዲህ ያሉ ንግግሮችን እንደተናገሩ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ከመካከላቸው አንዱ ግፈኛ ገዢ ስለ ሚስታቸው ስለ ሳራ በጠየቀ ጊዜ እህቴ ናት ማለታቸው ነው፤ ያሰቡት የእምነት እህትነትን ነበር። የቂያማ ቀን ሰዎች ሸፈዓ ፍለጋ ወደ እሳቸው ሲመጡ እነዚህን ንግግሮች አንስተው ወደ ሌላ ነቢይ ይልኳቸዋል። በምክንያት ለተናገሩት፣ ያውም ሁለት ትርጉም ላለው ቃል፣ የአላህ ወዳጅ እንዲህ ከተሳቀቁ እኛ በየቀኑ ለምንወረውረው ምን ልንል ነው?

ተውሪያ ግን የብልጣብልጦች መጫወቻ አይደለም። የሰው መብት ለመብላት፣ ወይም አስፈላጊ ሳይሆን ሰውን ለማታለል ከተጠቀምንበት እሱም የተወገዘ ይሆናል። ለቤተሰብ ችግርን በልክ ለመግለጽ ግን ጥሩ መንገድ ነው። በዐረብ ሀገር በቤት ሠራተኝነት የምትኖር እህት እናቷ በስልክ «እንዴት ነሽ ልጄ?» ስትላት «አልሐምዱሊላህ» ብትል አልዋሸችም፤ አላህ በሁሉም ሁኔታ ይመሰገናልና። እናቷንም ሌሊቱን ከመጨነቅ አሳረፈቻት። ነገር ግን ደመወዟ ከተከለከለ ወይም ከተደበደበች፣ ለእናቷ ያልነገረችውን ሊረዳት ለሚችል አንድ ሰው መንገር አለባት። ሰውን ላለማስጨነቅ ብሎ ራስን ለጥፋት መስጠት ትዕግሥት አይደለም።

መዋሸት ግዴታ የሚሆንበት ጊዜ

ዑለማዎች ሁሌም የሚጠቅሱት ምሳሌ አለ። ግፈኛ ሊገድለው የሚፈልገው ንጹሕ ሰው እናንተ ዘንድ ተደብቋል። ግፈኛው መጥቶ «የት ነው?» ይላል። ኢማም ነወዊ እዚህ ላይ ግልጽ ናቸው፤ መደበቅና አለማሳየት ግዴታ ነው፣ ለዚያም መዋሸት ግዴታ ይሆናል። ሰው እናንተ ዘንድ ያስቀመጠውን አደራ ግፈኛ ሊወስደው ሲመጣም እንዲሁ ነው።

ይህን ወደ ዘመናችን እናምጣው። ጓደኛችሁ በቤቷ እየተደበደበች ነው፤ ሕይወቷ ያሰጋታል፤ ሸሽታ እናንተ ቤት ገብታለች። የሚደበድባት ሰው ደውሎ «እናንተ ጋ ናት?» ይላል። ዝም ብትሉ ዝምታችሁ ይነግረዋል። እዚህ ላይ «የለችም» ማለት ኃጢአት አይደለም፤ እሷን አሳልፎ መስጠት ነው ኃጢአቱ። ነገር ግን በዚያ ቃል ብቻ ሥራችሁ አያልቅም። ቀጥሎ የሚመጣው ለፖሊስ መደወል ነው፤ በአሜሪካ 911፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112። ለምታምኑት ትልቅ ሰውም ንገሩ። ውሸቱ የተፈቀደው ወደ እውነተኛው እርዳታ እስክትደርሱ ጊዜ ስለሚያስገኝ ነው።

ጓደኛችሁ የተደበቀችው ግን አምሽታ ስለገባች እናቷ ትቆጣኛለች ብላ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። እዚያ በር ላይ የቆመው ግፈኛ ሳይሆን ልጇ በሕይወት መኖሯን ማወቅ የምትፈልግ እናት ናት። «እኛ ጋ ናት፣ ደህና ናት፣ ትንሽ ትረጋጋና ትመጣለች» ማለት እናትንም ልጅንም ያድናል። ከሁለቱ ጥሪዎች ሁለተኛው የሚመጣው ከመጀመሪያው ይልቅ በጣም ደጋግሞ ነው።

ጉዳትና ሕመም አንድ አይደሉም

ብዙ ጊዜ «ሰው እንዳይጎዳ ዋሸሁ» ስንል የምናወራው ስለ ጉዳት ሳይሆን ስለ ሕመም ነው። ጉዳት የሰውን ነፍስ፣ አካል፣ ክብር ወይም ሐቅ የሚነካ ነገር ነው። ሕመም ደግሞ እውነት ስትነገር ልብ ላይ የምታሳርፈው ቁስል ነው። ሕመሙን ማለዘብ የርኅራኄ ሥራ ነው። ሕመሙን ለማስቀረት ብሎ የሰውን ሐቅ መውሰድ ግን ራሱ ጉዳት ነው።

ይህን የሚያሳየው የመርዶ ጉዳይ ነው። በባህላችን ሰው ዘመዱ ሲሞትበት በስልክ ድንገት አይነገረውም። ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፣ ማልደው ቤቱ ይሄዳሉ፣ ተቀምጠው አጽናንተው ይነግሩታል። በውጭ ሀገርም ይህ ቀጥሏል፤ ሰውየው ብቻውን ሳለ፣ መኪና እየነዳ ወይም ሥራ ላይ ሳለ እንዳይሰማ ይጠበቃል። ይህ መልካም ጥበብ ነው። ችግሩ የሚመጣው ማዘግየቱ ወራትን ሲያስቆጥር ነው። ልጁ በየሳምንቱ ይደውላል፤ «አባባን አገናኙኝ» ይላል፤ «ተኝተዋል»፣ «መስጂድ ሄደዋል» ይባላል። በመጨረሻ በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም የተለጠፈ የሐዘን መልእክት አይቶ ይረዳል። ያኔ የሚያዝነው ሁለት ጊዜ ነው፦ አንድ ጊዜ ለአባቱ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በዋሹት ወገኖቹ።

የኡሙ ሱለይምን (ረ.ዐ) ታሪክ እዚህ ላይ እናስታውስ። ባለቤታቸው አቡ ጦልሓ ከቤት በወጡበት የታመመው ልጃቸው ሞተ። እሳቸውም ከእኔ በፊት ማንም እንዳይነግረው ብለው ቤተሰቡን አስጠነቀቁ። አቡ ጦልሓ ተመልሰው ስለ ልጁ ሲጠይቁ ከቀድሞው ይልቅ ረጋ ብሏል አሏቸው። ቃሉ እውነት ነበር፤ የልጁ ሕመም አብቅቷል። እራት አቀረቡላቸው፤ ካረፉ በኋላ ሰው ያዋሰውን ዕቃ መልሶ ሲጠይቅ መከልከል ይገባ እንደሆነ ጠየቋቸው። አይገባም ሲሉ ልጁን አላህ እንደወሰደው ነገሯቸው። በሙስሊም ዘገባ አቡ ጦልሓ በመዘግየቱ መቆጣታቸው ተጠቅሷል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ያን ሌሊታቸውን አላህ እንዲባርክላቸው ዱዓ አደረጉ።

ከዚህ ታሪክ የምንይዘው ግልጽ ነው። ኡሙ ሱለይም ቃላቸውን ከእውነት አላወጡም። ያዘገዩት አንድ ሌሊት ነው። የነገሩትም ራሳቸው ናቸው፤ ከሌላ ሰው እንዲሰሙት አልተዉም። የኛ ሽማግሌዎች ማልደው ተሰብስበው ሲነግሩ በዚህ መንገድ ላይ ናቸው። ወራት የሚዘልቀው «ደህና ናቸው» ግን ከዚህ መንገድ ወጥቷል።

ዘግይቶ የተሰማ ሞት ሐቅም ይነካል። ልጅ ለአባቱ ዱዓና ሰደቃ የሚያደርግበት ጊዜ ነው። የሟቹ ዕዳ ይከፈላል፤ ውርስ ይከፋፈላል። የሟች ሚስት ደግሞ አብዛኞቹ ዑለማዎች እንዳሉት ዒዳዋ የሚቆጠረው ባሏ ከሞተበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ወሬውን ስትደብቁባት ሐዘኗን የምትወጣበትንና ግዴታዋን የምትፈጽምበትን ቀናት ትወስዱባታላችሁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሐበሻው ንጉሥ ነጃሺ በሞቱ ዕለት ሞታቸውን ለሰሓቦች ራሳቸው ነግረው፣ ሰልፍ አሰልፈው በአራት ተክቢራ እንደሰገዱባቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። በሩቅ ላለ ሟች ስለመስገድ ዑለማዎች በዝርዝሩ ቢለያዩም፣ የሞትን ዜና በወቅቱና በክብር መንገር ግን ከዚህ እንማራለን።

ሆስፒታል ውስጥ ስትቆሙ

ሐኪሙ ከባድ በሽታ መኖሩን ይናገራል፤ አጎት ደግሞ በጎን «ለእናትህ እንዳትነግራት፣ ትደነግጣለች» ይላል። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ መሐል ላይ ቆሟል። ይህን ጥያቄ ደጋግሜ ስለሰማሁት በዝርዝር ልመልሰው።

የታመመ ሰው ስለ ራሱ አካል የማወቅ ሐቅ አለው። ሕክምናውን የሚቀበለው ወይም የሚተወው እሱ ነው። በዲናችንም ከባድ ሕመም የያዘው ሰው የሚያሰናዳው ብዙ ነገር አለ፦ ተውበት፣ ዕዳ መክፈል፣ ከሰው ጋር አፉ መባባል፣ ወሲያ መጻፍ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሊናዘዝበት የሚገባ ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜውን ሳይጽፍ ሁለት ሌሊት እንዳያድር ያሳሰቡበትን ሐዲስ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። «እንዳትደነግጥ» ብለን የምንደብቃት እናት ይህን ሁሉ ሳታደርግ ልትሄድ ትችላለች። ይህ ከድንጋጤው የባሰ ነው።

የማወቅ ሐቅ አለው ማለት ግን ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ማፍሰስ አይደለም። ታማሚውን «ሐኪሙ የሚለውን በዝርዝር መስማት ትፈልጊያለሽ ወይስ ለእኛ ይንገረን?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። አልፈልግም ካለች ይህ የራሷ ምርጫ ነው። ተስፋ ያለውን ማስቀደም፣ ቀስ እያሉ መንገር፣ የምትወደው ሰው አብሯት እንዲቀመጥ ማድረግ ሁሉ ይፈቀዳል። የሐኪሙን ቃል ለውጦ ማስተርጎም ግን አደራን መብላት ነው፤ በዚያ ቃል መድኃኒት ይወሰናል፤ በዚያ ቃል ፊርማ ይፈረማል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህ ሸክም የእናንተ መሆን የለበትም። በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች ቋንቋ ለማይችል ታካሚ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። በሌላ ሀገር የምትኖሩም አስተርጓሚ መኖሩን ጠይቁ። «እኔ ልጇ ነኝ፤ አስተርጓሚ ይምጣልን» ማለት ሙሉ እውነት ነው፤ ከመዋሸትም ከብቸኛ መርዶ ነጋሪነትም ያድናችኋል።

ስታስታርቁ

ለማስታረቅ የተሰጠው ፈቃድ ከልብ የመነጨ ርኅራኄ ነው። ሁለት እህቶች ተኳርፈዋል እንበል። አንዷ ስለ ሌላዋ ሃያ ክፉ ቃልና አንድ መልካም ቃል ተናገረች። አስታራቂ መልካሟን ቃል ይወስዳል፤ ሃያውን ይቀብራል። «እኮ አንቺን ስታነሳ ዓይኗ እንባ አዘለ» ይላል። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል፤ እውነትም ነው።

እዚያም ላይ ልክ አለው። ያልተባለ ቃል ኪዳን በሰው ስም አትግቡ። «ገንዘቡን እመልሳለሁ ብሏል» ብላችሁ ካላለ፣ ዕርቁ በሳምንቱ ይፈርሳል፤ ጠቡም ከበፊቱ ይብሳል። የሚፈቀደው ልብን የሚያለሰልስ ቃል እንጂ ሐቅን የሚያጠፋ ቃል አይደለም። ወላጆቻችሁ ሲጣሉም ወሬ አመላላሽ እንድትሆኑ አትገደዱ፤ መልካሙን አድርሱ፣ ከባዱን ለትልልቅ ሰዎች ተዉ።

ፈቃዱ የማይገባባቸው ቦታዎች

አንደኛ፦ ራስን ለማዳን የሚነገር ውሸት። «እማዬ እንዳትጨነቅ» ብሎ ላይብረሪ ነኝ የሚል ወጣት፣ በእውነት የዳነው ማን ነው? እናት ከጭንቀት ሳይሆን ልጁ ከቁጣ ነው የዳነው። ከዕብ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ከተቡክ ዘመቻ በቀሩ ጊዜ አንደበተ ርቱዕ ሰው ነበሩ፤ ማመካኛ መደርደር አያቅታቸውም ነበር። ሌሎች ማመካኛ ደርድረው ሲሄዱ እሳቸው ግን ምክንያት እንደሌላቸው ተናገሩ። ሃምሳ ሌሊት ሰው ሳያናግራቸው አለፈ። ከዚያ የአላህ ይቅርታ በቁርኣን ወረደ (ሱረቱ አት-ተውባ 9፡118)። እውነቱ አሳመማቸው፤ ያዳናቸውም እሱ ነው። በግድ ነፍሱ ጉሮሮው ላይ ደርሳ የተናገረ ሰው ግን ሌላ ነው፤ ዐማር ኢብኑ ያሲር (ረ.ዐ) በሥቃይ ውስጥ ሆነው የተናገሩት ቃል አልተያዘባቸውም። የእናት ቁጣ ግን የመካ ሥቃይ አይደለም።

ሁለተኛ፦ ምስክርነት። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ኒሳእ (4፡135) በራሳችን፣ በወላጆቻችንና በዘመዶቻችን ላይ እንኳ ቢሆን በፍትሕ እንድንመሰክር አዝዞናል። ፍርድ ቤት ወይም ኢሚግሬሽን ቢሮ ለዘመድ ለማስተርጎም ስትቀመጡ የሌለ ታሪክ መጨመር «ዘመድ ማዳን» አይባልም። ጉዳዩ የሕይወት ጉዳይ ከሆነ እውነተኛውን ታሪክ በሥርዓቱ የሚያቀርብ ጠበቃ ይፈለግ።

ሦስተኛ፦ በደልን መሸፈን። የሙስሊምን ነውር መሸፈን ትልቅ ምንዳ አለው፤ ይህ ግን ጥፋት ሠርቶ ለተጸጸተ ሰው ነው። ዛሬም እየመታ ያለን ሰው ለመሸፈን «ከደረጃ ላይ ወድቃ ነው» ማለት ጉዳትን ማስቀጠል ነው። «የቤተሰብ ስም ይጠፋል» የሚለው ማመካኛ የአንዲትን ልጅ አካል አይመልስም። አስተማሪ ወይም ሐኪም ሲጠይቃችሁ እውነቱን ንገሩ።

አራተኛ፦ ጠያቂው ፍትሐዊ ሲሆን። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን ወደ ሐበሻ ልከው ስደተኞቹን እንዲያስረክቧቸው ነጃሺን ጠየቁ። በሁለተኛው ቀን ዐምር ሙስሊሞቹ ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) ከባድ ቃል ይናገራሉ ብለው ነገሩ። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) እንዳወሱት ያን ዕለት የመጣባቸው ጭንቅ ከዚያ በፊት አልመጣባቸውም። ንጉሡ ክርስቲያን ናቸው፤ የሚመልሱት ቃል ሊያስባርራቸው ይችላል። ተመካከሩና የሚመጣው ይምጣ፣ አላህ ያለውን እንላለን ብለው ወሰኑ። ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ዒሳ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ፣ ወደ መርየም የጣለው ቃሉ መሆናቸውን ተናገሩ። ነጃሺም አሳልፈው አልሰጧቸውም።

አቡበክር በመንገድ ላይ የሸፈኑትን ጀዕፈር በንጉሥ ፊት ገለጡት። ልዩነቱ ምንድን ነው? በመንገዱ ላይ ዙሪያውን የሚያሳድድ ጠላት ነበር። በሐበሻ ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማንም ዘንዱ የማይበደልበት ብለው የመሰከሩላቸው ፍትሐዊ ንጉሥ ነበሩ የጠየቁት፤ ጥያቄውም ስለ እምነት ነበር። ጠያቂው ማን እንደሆነ ማወቅ የመልሱ ግማሽ ነው።

ከመናገራችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ

1. የማድነው ማንን ነው? ራሴን ከሆነ ፈቃዱ አይመለከተኝም።
2. የምከላከለው ጉዳት ነው ወይስ ሕመም? ሕመም ከሆነ ቃሌን ላለዝብ እንጂ እውነቱን አልለውጥ።
3. ዝምታ፣ መዓሪድ ወይም ጥቂት ማዘግየት አይበቃም? ከበቃ መዋሸት ሐራም ነው።
4. በዚህ ቃል ሐቁ የሚነካ ሌላ ሰው አለ? ካለ ልቁም።
5. ነገሩ ሲገለጥ ያ ሰው ያመሰግነኛል ወይስ ይከሰኛል? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና መገለጡ አይቀርም።

አምስቱንም ያለፈ ጉዳይ ሲገጥማችሁ፣ ያ ከሚያሳድዳት ሰው የተደበቀች እህት ጉዳይ ዓይነት ሲሆን፣ ሳትሳቀቁ አድኗት። ሌላው ሁሉ ከጥያቄዎቹ በአንዱ ላይ ይወድቃል። ለእናንተ ቀላሉ መንገድም ይህ ነው፤ ሁሌ እውነት በመናገር የሚታወቅ ወጣት በዚያች አንድ ጭንቅ ቀን ቃሉ ይታመናል፣ ሰውም ያድናል።

አላህ አንደበታችንን ከውሸት፣ ልባችንን ከጭካኔ ይጠብቅልን። እውነትን በርኅራኄ ከሚናገሩ፣ የተበደለን ከሚያስጠልሉ ባሮቹ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።